ለአክስቴ ሁለት ኢሜይል መጣላት፤ የቱ ነው የእውነቱ?

የከዚራ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነኝ። ከዚራ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምሠራባት ትንሽ ቤት አለችኝ። ጉዳዩ የእኔ ሳይሆን የአክስቴ ነው።

አክስቴ ቨርጂኒያ 19 ዓመት ሠርታ አምና ጠቅልላ መጣች። አሁን ሳቢያን ነው የምትኖረው። እዚያ ትሠራበት የነበረው ድርጅት ኮምፒውተሩ በሌቦች ተጠልፎ የሠራተኞቹ መረጃ ተሰርቋል። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው መለያ ቁጥር)፣ ምን የቀረ አለ። ድርጅቱም ለ2 ዓመት የማንነት ጥበቃ አገልግሎት በነፃ ሰጣቸው። መረጃሽ የሆነ ቦታ ሲሸጥ ወይም በስምሽ ብድር ሲጠየቅ በኢሜይል ያስጠነቅቃል። ስለ አገልግሎቱ የተላከው ደብዳቤ የገባው እዚያው ልጇ ቤት ስለሆነ እሱ ነው የመዘገበላት።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ኢሜይል መጣ። ደረቅ ያለ ነው። ጽሑፉ አራት መስመር ብትሆን ነው። «በአካውንትዎ ላይ አዲስ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ገብተው ይመልከቱ» ይላል። ሙሉ ስሟ እንኳን የለበትም። ሊንኩን ጫን ብዬ ይዤ ሳየው የጥበቃ ኩባንያው ስም የሌለበት ረጅም ዝብርቅርቅ አድራሻ ነው።

ሐሙስ ደግሞ ሌላ መጣ። ይሄኛው ያምራል። ሙሉ ስሟ አለ፣ የድሮ አድራሻዋ አለ፣ የሶሻሏ የመጨረሻ 4 አሃዝ አለ። ሁሉም ልክ ነው። «ቁጥርዎ በዳርክ ዌብ ላይ ተገኝቷል። በ24 ሰዓት ውስጥ ማንነትዎን ካላረጋገጡ ጥበቃው ይቋረጣል» ይላል። ዳርክ ዌብ የሚሉት የተሰረቀ መረጃ የሚሸጥበትን ድብቅ ኢንተርኔት ነው። ከሥሩ ቀይ በተን አለ።

በእኔ ግምት የማክሰኞው ፊሺንግ፣ ማለትም መረጃ ለመስረቅ የተላከ የሐሰት ኢሜይል ነው፤ የሐሙሱ የእውነት ነው። አራቱን አሃዝ ሌላ ሰው ከየት ያመጣዋል? አክስቴ ግን ልቧ አላረፈም። በዚህ ሙቀት በባጃጅ ሱቄ ድረስ መጥታ «እስኪ አንተ ክፈትልኝ» ብላ ቁጭ አለች። በተኑ ላይ ልጫን ደርሼ ነው እጄን የመለስኩት። የ19 ዓመት ልፋቷ ከዚያ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ አቦ።

ደቻቱ ማዶ፦

ሁለቱንም አጥፋቸው። በኢሜይል የመጣ ነገር አይታመንም። አለቀ።

የጀጎል ልጅ፦

አታጥፋ። አንዱ የእውነት ሊሆን ይችላል።

ወንድሜ፣ እጅህን በመመለስህ ደስ ብሎኛል። እኔ ሐረር ነኝ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን እከታተላለሁ። መጀመሪያ የራሴን ልንገርህ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አንድ ሰው ከባንክ ነኝ ብሎ ደወለልኝ። ስሜን እስከ አያቴ ጠራው። ደብተሬን ያወጣሁበትን ቅርንጫፍ ያውቃል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሌባ አይሆንም ብዬ በሜሴጅ የገባልኝን ቁጥር ነገርኩት። ለእናቴ የዓይን ሕክምና ያስቀመጥኩት 14 ሺህ ብር ሄደ። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

አሁን ያንተን ጥያቄ መልሰህ አንብበው። «አራቱን አሃዝ ከየት ያመጣዋል?» ከዚያው ከተሰረቀው ፋይል ነዋ! የአክስትህ ስም፣ አድራሻና ቁጥር አንድ ላይ ነው የወጣው። ፋይሉን የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ እሷን ማወቁ ኩባንያው ስለመሆኑ ምንም ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም ሳይጠየቅ ይህን ሁሉ ደርድሮ መጻፉ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። 24 ሰዓት የሚለውም ሳታስቡ እንድትጫኑ ነው።

ሊንኩን እይ የሚልህ ሰው ይኖራል። ማየቱ ጥሩ ነው፤ አነባበቡን ግን እወቅበት። ከኤችቲቲፒኤስ ቀጥሎ ካለው አድራሻ ተነስና የመጀመሪያዋ ነጠላ ስላሽ (/) ጋ ቁም። ከዚያ ወደ ኋላ አንብብ። «ኩባንያው ዶት አለርት-ቼክ ዶት ኮም» ቢል ባለቤቱ «አለርት-ቼክ» የሚባለው ነው። ፊት የተለጠፈውን የኩባንያ ስም ማንም ሊጽፈው ይችላል።

ችግሩ ግን ይሄም ሁልጊዜ አያድንም። ብዙ ኩባንያዎች ኢሜይል የሚልኩት በሌላ ላኪ ድርጅት በኩል ነው። ማን እንደተጫነ ለመቁጠር ሊንኩን በዚያ ያሳልፉታል። የእውነተኛው ሊንክም እንደ ማክሰኞው ዝብርቅርቅ ያለ ሊሆን ይችላል።

ኩባንያዎቹ ራሳቸውም ይሳሳታሉ። በፈረንጆቹ 2017 የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚመዘግበው የአሜሪካው ኩባንያ ኢኩዊፋክስ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ ተሰረቀበት። ለተጎጂዎቹ «ኢኩዊፋክስ ሴኪዩሪቲ 2017» የሚል ድረ ገጽ ከፈተ። የራሱ የትዊተር ገጽ ግን ቃሉን አገላብጦ «ሴኪዩሪቲ ኢኩዊፋክስ 2017» የሚል አድራሻ ለሰዎች ሰጠ። ያ ገጽ የኩባንያው አልነበረም። ደግነቱ የከፈተው ሌባ ሳይሆን አደጋውን ማሳየት የፈለገ ባለሙያ ነበር። የኩባንያው ሠራተኛ ያልለየውን አንተ ሱቅህ ቆመህ በዓይን እለያለሁ አትበል።

ኮምፒውተር ላይ ከሆንክ ጂሜይል ውስጥ ሦስቷን ነጥብ ተጭነህ «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ክፈት። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚሉ መስመሮች ታገኛለህ፤ የላኪውን አድራሻ የሚመረምሩ ናቸው። «ፌይል» ካለ ተጠራጠር። «ፓስ» ካለ ግን አትቸኩል። ፓስ ማለት ኢሜይሉ ላኪው ነኝ ካለው አድራሻ መጥቷል ማለት ብቻ ነው። ሌባው አድራሻውን ራሱ ገዝቶት ከሆነም ፓስ ይላል።

እኔ የምልህ ከኢሜይሉ ውጡ። ደብዳቤው ላይ የኩባንያው ድረ ገጽና ስልክ አለ። ያንን አድራሻ በእጃችሁ ጽፋችሁ ግቡ። ማስጠንቀቂያው የእውነት ከሆነ አካውንቷ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ግን እንዳትደውሉ፤ የሚያነሳው ያው ሰውዬ ሊሆን ይችላል።

የከዚራ ልጅ፦

እህቴ፣ ስለ እናትሽ ገንዘብ ከልቤ አዝኛለሁ። አራቱን አሃዝ በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም። ደብዳቤው ልጇ ጋ ነው፤ ፎቶ አንስቶ በዋትስአፕ ቢልከው ችግር አለው?

የጀጎል ልጅ፦

ይላክ። የምዝገባ ኮዱን ብቻ በጣቱ ይሸፍነው። ፎቶውን ሲልክ ደግሞ ደውሎ በድምፁ ያናግራት።

ከድሬ ወደ ሜሪላንድ፦

ልጆች፣ እኔም እንደ አክስትህ መረጃዬ ወጥቶ ያውቃል። ኢሜይሉ የቱም ይሁን የቱ፣ ቁጥሩ አንዴ ወጥቷል። ስለዚህ ክሬዲቷን፣ ማለትም አበዳሪዎች የሚያዩትን የብድር ታሪኳን አስቆልፉት፤ ፍሪዝ ይሉታል። ከ2018 ጀምሮ በሕግ ነፃ ነው። ይህን ታሪክ የሚይዙት ሦስቱ ኩባንያዎች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ጋ ለየብቻ ነው የሚጠየቀው። አንዱ ጋ መቆለፍ ሌሎቹን አይቆልፍም። ከተቆለፈ በኋላ በስሟ አዲስ ብድር ወይም ካርድ ለማውጣት በጣም ይከብዳል። ያላት ካርድ እንዳለ ይሠራል። እሷ እዚያ አዲስ ብድር የምትጠይቅበት ምክንያት ስለሌላት ምንም አይጎድልባትም። የማንነት ጥበቃው አንድ ነገር ከተሞከረ በኋላ ነው የሚነግርህ። ቁልፉ ግን በሩን ይዘጋዋል።

የከዚራ ልጅ፦

ውጤቱን ልንገራችሁ። ትናንት አክስቴ እንደገና ሱቅ መጣች። እዚያ ጠዋት ሆኖ ቢሮ እስኪከፈት እዚህ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት መጠበቅ ነበረብን። ልጇ የደብዳቤውን ፎቶ ላከ። አድራሻውን ፊደል በፊደል ጽፈን ገባን።

የማክሰኞው የእውነት ነው! አካውንቷ ውስጥ ማስጠንቀቂያው ተቀምጧል፤ ቀኑም ያው ማክሰኞ ነው። የኢሜይል አድራሻዋና አንድ የድሮ ፓስወርድ በተሰረቀ ዝርዝር ውስጥ ተገኝቷል ይላል። ፓስወርዱን ስታየው ደነገጠች። እስካሁን ጂሜይሏን የምትከፍትበት እሱ ነው። እዚያው ቀየርነው፤ በሁለት ደረጃ እንዲከፈትም (ከፓስወርዱ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ) አደረግን።

የሐሙሱ ግን የትም የለም። ልጇ በደብዳቤው ስልክ ደወለና አክስቴን በዋትስአፕ አገናኛት። ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ኢሜይል አልላክንም፤ ጥበቃውም በ24 ሰዓት አይቋረጥም አለች። ያንን ቀይ በተን ተጭነን ቢሆን ኖሮ ሙሉውን ሶሻል ሊጠይቀን ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ በእጄ ልጽፍለት ነበር።

ደቻቱ ማዶ፣ ምክርህን በቅንነት እንደሰጠኸኝ አውቃለሁ። ግን ሁለቱንም አጥፍተን ቢሆን የፓስወርዱን ነገር አናውቅም ነበር።

ደቻቱ ማዶ፦

ልክ ነህ ወንድሜ። እናቴ ጋም እንደዚህ ዓይነት ኢሜይል ሲመጣ ዝም ብዬ ነበር የማጠፋው። ዛሬ ማታ ትራሽ ውስጥ ገብቼ አያለሁ።

የከዚራ ልጅ፦

ፈጥነህ እይ፤ ጂሜይል ትራሽ ውስጥ ያለውን በ30 ቀን ያጠፋዋል። እኛ ፍሪዙን ሁለቱ ጋ ጨርሰናል። ሦስተኛው ሰነድ በፖስታ ላኩ ስላለ አክስቴ ነገ ፓስፖርቷን ይዛ ትመጣለች፤ ኮፒውን እኔው አነሳላታለሁ።