ዙቡንቱ ላይ የሎግኢን ስክሪን መቀየር፦ ምስሉ አይታይም፣ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ይሆናል

የአይሲቲ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ማሽኖቹ አሮጌ ስለሆኑ ሁሉም ላይ ዙቡንቱ 24.04 የሚባለውን ሊኑክስ ጭነናል፣ በደንብ እየሠራልን ነው። የአስተዳደር ቢሮው ኮምፒውተሮች ግን ዊንዶውስ ናቸው። አሁን የምፈልገው ተማሪዎቹ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት ገጽ፣ ስምና ፓስዎርድ የሚጠይቀው ማለቴ ነው፣ የራሳችን እንዲመስል ነው። የትምህርት ቤቱ ዓርማ፣ ከሥሩ «እንኳን ደህና መጣችሁ»፣ ቀጥሎ ስለ ክፍሉ ደንብ ሁለት መስመር።

ምስሉን አዘጋጅቼ ፒክቸርስ ፎልደሬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ የሎግኢን ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ መረጥኩት። ሪስታርት ሳደርግ ምስሉ የለም፣ ባዶ ቀለም ብቻ። አንዱ ማሽን ላይ ፋይሉን ሌላ ቦታ ሳዛውረው መጣልኝ፣ ግን የ«ዘጠነኛ ሀ»ን አካውንት ስመርጥ ወዲያው ይጠፋና ልጆቹ ዴስክቶፕ ላይ ያደረጉት የኳስ ተጫዋች ፎቶ ይተካዋል። ደግሞ የአካውንቶቹን ስም በአማርኛ ነው የጻፍኩት። ዴስክቶፕ ላይ በትክክል ይነበባል፣ ሎግኢን ገጹ ላይ ሲሆን ሳጥን ሳጥን ነው። ፎንቱን ከኢንተርኔት አውርጄ ጭኛለሁ፣ ሊብሬ ኦፊስም ላይ ይሠራል። ምን ጎደለኝ?

ከተቻለ ደግሞ ከላይ ያለው ቀንና ሰዓት በኛ አቆጣጠር ቢሆን በጣም ደስ ይለኛል።

ተርሚናሉ

የፐርሚሽን፣ ማለትም የፋይል ፈቃድ ጉዳይ ነው። ፒክቸርስ ያለበትን የራስሽን ፎልደር፣ ሆም ፎልደርሽን፣ 777 አድርጊው፣ ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ ማለት ነው፣ ምስሉ ይመጣል።

ሸዋ ሊኑክስ

መምህርት፣ እባክሽ 777 እንዳታደርጊ። ምስሉ መምጣቱ ይመጣል፣ ግን ብዙ ልጅ በሚጠቀምበት ማሽን ላይ ያንቺን ፋይል ማንም ያነበዋል፣ ይቀይረዋል፣ ያጠፋዋል። የፈተና ጥያቄ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የምታስቀምጪ ከሆነ ደግሞ አስቢው።

ችግሩ ግን እውነትም ፐርሚሽን ነው፣ የምስሉም የፎንቱም ችግር የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ሎግኢን ገጹ በሚታይበት ሰዓት ገና ማንም አልገባም። ያንን ገጽ የሚያሳየው ፕሮግራም ጂቲኬ ግሪተር ይባላል፣ እሱን የሚያስነሳው ደግሞ ላይት ዲኤም ነው። ግሪተሩ የሚሠራው ባንቺ ስም አይደለም፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ በተፈጠረ የራሱ ተጠቃሚ ነው። በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ አስቢው፣ የሳሎኑ ቁልፍ የለውም። ከኡቡንቱ 21.04 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚከፈት ሆም ፎልደር ለሌላ ተጠቃሚ ዝግ ሆኖ ነው የሚፈጠረው፣ ዙቡንቱም የተሠራው ከኡቡንቱ ስለሆነ ያው ነው። ስለዚህ አንቺ ሴቲንጉ ውስጥ ሆነሽ ምስሉን ታዪዋለሽ፣ ግሪተሩ ግን ፋይሉ ጋ መድረስ አይችልም። ስህተት ብሎም አይነግርሽም፣ ዝም ብሎ ባዶ ቀለም ያሳያል። ሰውን ግራ የሚያጋባው ይሄ ዝምታው ነው።

መፍትሔው ምስሉን ሁሉም ተጠቃሚ ሊያነበው የሚችል ቦታ ማስቀመጥ ነው። ዩኤስአር ውስጥ ሼር የሚል ፎልደር አለ፣ እሱ ውስጥ ባክግራውንድስ የሚል አለ። እዚያ ኮፒ አድርጊው፣ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ ነው የሚሆነው። ከዚያ ፋይሉ ራሱ «ሁሉም ማንበብ ይችላል» መሆኑን አረጋግጪ፣ ማለትም 644። አንዳንዴ ሰው ፋይሉን አዛውሮ ፐርሚሽኑን ግን እንደተዘጋ ይተወዋል፣ ያኔ ቦታው ትክክል ሆኖም አይታይም።

ፎንቱም ልክ እንደዚሁ ነው። አውርደሽ ስትጭኚው የገባው ያንቺ ሆም ውስጥ ባለ የተደበቀ ፎልደር ነው። ሊብሬ ኦፊስ ባንቺ ስም ስለሚከፈት ያገኘዋል፣ ግሪተሩ አያገኘውም። የወረደውን ተዪውና ከሲስተሙ የፓኬጅ ማዕከል ጫኚ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል አለ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም አለ፣ በፓኬጅ ሲጫኑ ለሁሉም ተጠቃሚ ይሆናሉ። ለስክሪን እኔ ኖቶን እመርጣለሁ። አቢሲኒካ ለወረቀት ነው የሚያምረው፣ በትንሽ መጠን ስክሪን ላይ ሲሆን ቀጫጭን መስመሮቹ ይጠፋሉ።

የኳስ ተጫዋቹ ነገር ቀላል ነው። ግሪተሩ ስም ሲመረጥ የዚያን ተጠቃሚ ዎልፔፐር እንዲያሳይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሴቲንጉ ላይ መልክ በሚለው ክፍል፣ ምስሉን ከመረጥሽበት ብዙም ሳይርቅ፣ የተጠቃሚውን ዎልፔፐር ተጠቀም የሚል ምልክት አለ። አጥፊው።

ተርሚናሉ

እሺ 777 ይቅር። ሙሉ በሙሉ መክፈት ካልተፈለገ ለሆም ፎልደሩ የማለፍ ፈቃድ ብቻ መስጠትም ይበቃል፣ ዝርዝሩን ሳያዩ ማለፍ ይችላሉ። ግን ባክግራውንድስ ውስጥ ማስቀመጡ ይሻላል፣ እስማማለሁ። አካውንቱ አንድ ቀን ቢጠፋ ምስሉ አብሮ አይጠፋም።

ፊደልና ቀለም

እኔ ስለ ምስሉ ልናገር፣ ሥራዬ ዲዛይን ነው። ይህ ግሪተር ዓርማ ለብቻው የሚገባበት ቦታ የለውም፣ የሰላምታ ጽሑፍ የሚጻፍበትም የለውም። ስለዚህ ዓርማውም ጽሑፉም እዚያው ምስሉ ላይ መሆን አለባቸው። ይሄ ለአማርኛ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ኢንክስኬፕ ወይም ጊምፕ ላይ ጽፈሽ ፒኤንጂ አድርገሽ ካወጣሽው በኋላ ፎንት አያስፈልገውም፣ የትኛውም ማሽን ላይ እንዳለ ይታያል። ጄፔግ አታድርጊው፣ የፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ቆሻሻ የሚመስል ነገር ያመጣል።

ዓርማውን ከየት ነው ያገኘሽው? በቴሌግራም የተላከልሽ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲላክልሽ ጠይቂ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ከዚያ ትልቅ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ብዥ ይላል። የትምህርት ቤት ዓርማ ብዥ ብሎ ማየት በጣም ያናድደኛል፣ በየቢሮው በር ላይ ያለው ሁሉ እንደዚያ ነው።

መጠኑን ደግሞ አስቢበት። አሮጌ ማሽኖች ካሉሽ ስክሪኖቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም። 1366 በ768 የሆነው ሰፊ ነው፣ 1280 በ1024 የሆነው ወደ ካሬ የሚጠጋ ነው። አንዱን ምስል ሁለቱም ላይ ስታደርጊው ወይ ጎኑ ይቆረጣል ወይ ይለጠጣል። ስለዚህ ዓርማውንና ጽሑፉን ጠርዝ ላይ አታስጠጊ፣ ወደ መሐል ሰብሰብ አድርጊና ዙሪያውን ባዶ ቀለም ተዪለት። መሐል ላይ ግን የፓስዎርዱ ሳጥን አለ፣ ጽሑፍሽን ይሸፍነዋል። እሱ መንቀሳቀስ ይችላል። ሴቲንጉ ላይ የዊንዶው ቦታ የሚል ክፍል አለ፣ ሳጥኑን ወደ ታች አውርጂውና ዓርማውን ከላይ አድርጊ።

ደንቡን በተመለከተ ሁለት መስመር ብለሻል፣ ጥሩ ነው፣ ሦስተኛ አትጨምሪ። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ ወፍራም ፎንት፣ ከላቲን ከምታደርጊው ተለቅ አድርጊው። እንደ «ጨ»ና «ጩ» ያሉት ፊደሎች በትንሽ መጠን ሲሆኑ ከሩቅ አይለዩም። የኋላ ወንበር ላይ ቆመሽ የማይነበብ ከሆነ አሳድጊው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሊኑክሱን ለባለሙያዎቹ ልተወው። የቢሮ ኮምፒውተሮቻችሁ ዊንዶውስ ናቸው ስላሉ ነው የምጽፈው፣ እዚህ ሜሪላንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ የሚማሩበት ቦታ ላይ ላፕቶፖቹን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፣ ሁሉም ዊንዶውስ ናቸው።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ምስሉ ቀላል ነው። ፐርሰናላይዜሽን ውስጥ ሎክ ስክሪን የሚለው ጋ ምስል ይመርጣሉ፣ እዚያው ታች ላይ ይሄው ምስል ፓስዎርድ በሚጠየቅበት ገጽ ላይም ይታይ የሚል አለ። አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ ግን ይሄን ሴቲንግ አያስነካም፣ ያንን መጀመሪያ ያስተካክሉ። የደንብ ጽሑፍ ከፈለጉ ደግሞ ፕሮ የሚባለው ዕትም ላይ ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ ውስጥ ሎግኦን ለሚያደርጉ ሰዎች የሚታይ ርዕስና መልእክት ማስገቢያ አለ። በአማርኛ ይጻፉበት፣ ይሠራል፣ ኢብሪማ የሚባለው የዊንዶውስ ፎንት ግዕዝ ፊደል አለው። ጥሩነቱ ሰውየው እሺ የሚለውን ሳይጫን ወደ ፓስዎርዱ አያልፍም። ሆም የሚባለው ዕትም ላይ ሴኩሪቲ ፖሊሲው የለም፣ ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ሴቲንግ ማከማቻ ነው የሚሆነው።

የአይሲቲ መምህርት

ምስሉም መጣ፣ ፎንቱም ተስተካከለ! «ዘጠነኛ ሀ» ብሎ ጥርት አድርጎ ያሳያል። የኳስ ተጫዋቹም ሎግኢኑ ላይ ቀርቷል፣ ዴስክቶፓቸው ላይ እንደፈለጉ ያድርጉት። ሳጥኑን አውርጄ ዓርማውን ከላይ አድርጌዋለሁ፣ አሁን ፊደሎቹን እያሳደግኩ ነው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዱ ሰዓቱ ነው። ሁለተኛው፣ ልጆቹ ፓስዎርዳቸውን በአማርኛ ማድረግ ይፈልጋሉ፣ ይቻላል?

ዘመን ቆጣሪ

ስለ ቀኑና ሰዓቱ እውነቱን ልንገርሽ፣ በሴቲንግ ብቻ አይሆንም። ግሪተሩ ላይ የሰዓቱን ፎርማት መጻፍ ይቻላል፣ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው። ሲስተሙን ወደ አማርኛ ብትቀይሪው ሰኞ ማክሰኞ ይልልሻል፣ ወሩ ግን የፈረንጁ ወር በእኛ ፊደል ተጽፎ ነው የሚመጣው። መስከረም፣ ጥቅምት አይልም።

አንዳንድ ሰው የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ ከሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደኋላ ያደርገዋል። እኛ 3 ወደፊት ስለሆንን ልዩነቱ 6 ሰዓት ይሆንና ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለት ብሎ ያሳያል። አይመከርም። ቀኑ የሚቀየረው ሌሊት ስድስት ላይ መሆኑ ይቀርና ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሆናል፣ ልጆቹ ሥራቸውን ሴቭ ያደረጉበት ሰዓትም ሁሉ የተዛባ ይሆናል። ማን መቼ እንዳስገባ ማየት ስትፈልጊ ጉድ ይፈላል።

የሚሠራው መንገድ ቀኑንም ምስሉ ላይ መጻፍ ነው። ላይት ዲኤም ግሪተሩን ከማስነሳቱ በፊት አንድ ስክሪፕት እንዲያስኬድ ማድረግ ይቻላል። ስክሪፕቱ ዛሬ በኛ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ያሰላል፣ ከዚያ ኢሜጅማጂክ በሚባለው ፕሮግራም ዋናውን ምስል ወስዶ ቀኑን ጽፎበት አዲስ ምስል ያወጣል። ሒሳቡን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም፣ አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል፣ ከፓይተን ሊጠራ ይችላል። ራስሽ ከጻፍሽው ግን ዓመት መለወጫውን ተጠንቀቂ። መስከረም 1 ብዙ ጊዜ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፣ የሚቀጥለው የፈረንጅ ዓመት 366 ቀን ያለው ሲሆን ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። በ2023 እንደዚያ ነበር፣ በ2027ም እንደዚያ ይሆናል። ጳጉሜንም ስድስት ቀን የምትሆንበት ዓመት አላት።

ስክሪፕቱ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ተሳክቷል ብሎ እንዲወጣ አድርጊው። በስህተት ከወጣ መግቢያ ገጹ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። ደግሞ ሰዓቱን ምስሉ ላይ አትጻፊ፣ ቀኑን ብቻ። ምስሉ የሚሠራው ገጹ ሲነሳ ስለሆነ ሰዓቱ እንደቆመ ይቀራል። የፈረንጁን ሰዓት ማየት ካልፈለግሽ ከላይኛው ፓነል ላይ ማውጣት ትችያለሽ።

ይሄ ነገር በደንብ የተሠራ ፓኬጅ ሆኖ ቢመጣ ምንኛ ጥሩ ነበር። የራሳችንን ቀን ለማየት ይህን ያህል መዞር አልነበረብንም።

ሸዋ ሊኑክስ

ፓስዎርድ በአማርኛ፣ አይሆንም በያቸው። ዴስክቶፕ ላይ አማርኛ የምንጽፈው ባብዛኛው አይባስ በሚባለው ነው፣ እሱ ደግሞ የሚነሳው ከገባሽ በኋላ ነው። ሎግኢን ገጹ ላይ የለም። ልጁ ዴስክቶፑ ላይ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ፓስዎርድ ቢቀይር በማግስቱ ሊጽፈው አይችልም፣ ውጭ ቀረ ማለት ነው። አማርኛውን ኪቦርድ በሲስተም ደረጃ ጨምረሽ ከሆነም የመጀመሪያው እንግሊዝኛው መሆኑን አረጋግጪ፣ አለበለዚያ ትክክለኛውን ፓስዎርድ እየጻፉ ስህተት ይላቸዋል፣ የሚጽፉት በነጥብ ስለሚሸፈን ምክንያቱም አይታያቸውም። የኪቦርድ ቋንቋውን የሚያሳየውን ምልክት ላይኛው ፓነል ላይ ጨምሪላቸው።

ወደ ሌሎቹ ማሽኖች ለማዳረስ በየአንዳንዱ ላይ እየገባሽ አትልፊ። ያስተካከልሽው ሁሉ የተጻፈው ኢቲሲ ውስጥ ላይት ዲኤም የሚል ፎልደር አለ፣ እዚያ ያለች አንዲት የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው። እሷንና ምስሉን በፍላሽ ይዘሽ ሌሎቹ ላይ በዚያው ቦታ ኮፒ አድርጊ፣ ፎንቱን በፓኬጅ ጫኚ፣ አለቀ። የምስሉ ስምና ቦታ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፣ በእንግሊዝኛ ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ ብትሰይሚው ይመረጣል።

ከመንካትሽ በፊት የዚያችን ፋይል ኮፒ አስቀምጪ። የሆነ ማሽን ላይ ገጹ ጠቁሮ ቢቀር ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3 ተጫኚ። ጥቁር የጽሑፍ ስክሪን ይመጣል፣ በስምሽና በፓስዎርድሽ ግቢ። ያችን ፋይል ስሟን ቀይሪና ላይት ዲኤምን ሪስታርት አድርጊ፣ ዙቡንቱ ራሱ ይዞት የሚመጣው ሎግኢን ይመለሳል። ስም የምትጽፊው እዚያ ጋ በእንግሊዝኛ የሰጠሽውን የአካውንት ስም ነው፣ «ዘጠነኛ ሀ» የሚለውን አይቀበልም።