ያለ ደህንነት ሥልጠና ድንጋይ መቁረጫ ክፍል ገብቶ መሥራት፤ እንዲሁም ጠርቶ አልታይ ያለኝ ቲን ሴክሽን

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። የሥነ ምድር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከስምጥ ሸለቆው ዳርቻ የሰበሰብኳቸውን 14 የራዮላይትና የኢግኒምብራይት (ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው) ናሙናዎች ወደ ቲን ሴክሽን፣ ማለትም መስታወት ላይ ተጣብቆ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ወደ ሳሳ የድንጋይ ቁራጭ፣ መቀየር ይኖርብኛል። ይህንን ሥራ ይሠሩልን የነበሩት ባለሙያ ጡረታ ስለወጡ የክፍሉ ቁልፍ ተሰጥቶን ራሳችን እንድንሠራ ተነግሮናል፤ የደህንነት ሥልጠና ግን አልተሰጠንም። የመጋዙ የውኃ ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል። ከእኔ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የሐኪም ቤት ማስክ አድርገው በደረቁ ይቆርጡ እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔም እንደዚያው ባደርግ ጉዳት አለው?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ማይክሮስኮፑ ነው። አንድ ቀዳሚ ተማሪ ባዘጋጀልኝ የሙከራ ቲን ሴክሽን ላይ አናላይዘሩን (ከናሙናው በላይ የሚገባውን የብርሃን ማጣሪያ) ሳስገባ ኳርትዝ ነው ብዬ የማስበው ማዕድን ብርቱካናማ ሆኖ ይታየኛል፤ በ40 እጥፉ ኦብጀክቲቭ (ወደ ናሙናው በሚቀርበው ሌንስ) ደግሞ ምንም ባደርግ አይጠራልኝም።

መልስ፦ የቤተ ሙከራ ባለሙያ

ልጄ፣ በደረቁ አትቁረጥ። ድንጋይ በመቁረጥ ብዙ ዓመት ስለኖርኩበት ይህንን ቃል ሳላለዝብ እነግርሃለሁ። ራዮላይት በሲሊካ (ኳርትዝ በተሠራበት ቁስ) የበለጸገ ድንጋይ ነው፤ በኢግኒምብራይት ውስጥ ያለው የእሳተ ገሞራ መስታወትም ከጊዜ ብዛት ወደ ክሪስታልነት ሲለወጥ ክሪስቶባላይት የሚባለውን የሲሊካ ዓይነት ያስገኛል። በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሣው ብናኝ በዓይን የማይታይ ሆኖ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ድረስ ይዘልቃል፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው የሳንባ በሽታም የሚመጣው ከዚህ ሲሆን፣ አንዴ ከያዘ በኋላ ሳንባውን ወደነበረበት የሚመልስ መድኃኒት የለውም። አሜሪካ በ2016 ባወጣችው ደንብ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ውስጥ በአማካይ ሊጋለጥበት የሚፈቀደው የሲሊካ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በደረቁ የሚቆርጥ ሰው ይህንን መጠን ለማለፍ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። የሐኪም ቤት ማስክ ደግሞ በጉንጭና በአፍንጫ ዳር ክፍት ስለሆነ ለዚህ አልተሠራም።

መፍትሔው ውኃ ነው። ፓምፑ እስኪጠገን ድረስ መጋዙ በሥሩ የውኃ ገንዳ ካለው ዲስኩ ታችኛው ጠርዙ ውኃው ውስጥ እየነከረ እንዲዞር አድርጉ፤ ገንዳ ከሌለው ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ከፍ አድርጋችሁ ሰቅላችሁ በቀጭን ጎማ በዲስኩ በሁለቱም ጎን ውኃ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ውኃው ሞተሩን የሚነካ ከሆነ ይህንንም አትሞክሩ፤ ሶኬቱ የመሬት መስመር እንዳለው አስቀድሞ የመብራት ባለሙያ ይይላችሁ። መብራት ሲጠፋ የመጋዙን ማብሪያ ወዲያውኑ አጥፋ፤ እጅህ ዲስኩ አጠገብ እያለ መብራት ተመልሶ መጋዙ በራሱ ሲነሣ ጣት ይወስዳል። የላላ እጅጌ፣ ነጠላና የአንገት ልብስ ይዘህ አትግባ፤ መነጽር አድርግ፤ ብቻህንም አትሥራ። በመጨረሻም ወለሉ ላይ የቀረውን ጭቃ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው እንጂ በመጥረጊያ አትጥረገው፤ ከደረቀ ያው የሸሸኸው ብናኝ ነው።

ምላሽ፦ ጠያቂው

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጋዙ ገንዳ አለው፤ እስካሁን ውኃ የሞላበት ሰው አለመኖሩ ግን አስገርሞኛል። ናሙናውን ከመስታወቱ ጋር የሚያጣብቀውን ኢፖክሲ በተመለከተስ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ የቀድሞ ተመራቂ

ወንድሜ፣ ስለ ኢፖክሲው እኔ ልመልስልህ፤ በእኔ ላይ ደርሶብኛልና። በተማርኩበት ቤተ ሙከራ የኢፖክሲውን ሁለት ክፍሎች፣ ሬዚኑንና ማጠንከሪያውን፣ በባዶ እጅ እናቀላቅል ነበር፤ እጃችንን የምናጸዳውም በአሴቶን ነበር። በሦስተኛው ወር ጣቶቼ ቀልተው መሰንጠቅ ጀመሩ። የቆዳ ሐኪም ኢፖክሲ አለርጂ እንደሆነብኝና ይህ አለርጂ አንዴ ከተፈጠረ እንደማይተው ነገረኝ። ዛሬም ያልደረቀ ኢፖክሲ ባለበት ክፍል መሥራት አልችልም። ስለዚህ የናይትሪል ጓንት አድርግ፣ ጓንቱ ከቆሸሸ ወዲያውኑ ቀይረው፣ መስኮት ክፈት፣ ቆዳህን በሳሙናና በውኃ እንጂ በአሴቶን አትጥረግ፤ አሴቶን የቆዳን ቅባት አጥቦ ሬዚኑ በቀላሉ እንዲገባ መንገድ ይከፍትለታል።

መልስ፦ የማዕድን ጥናት መምህር

የማይክሮስኮፑ ጉዳይ ከመሣሪያው ሳይሆን ከቲን ሴክሽኑ የመጣ ይመስለኛል። መደበኛው ውፍረት 30 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ በዚህ ውፍረት ላይ ኳርትዝ ከግራጫ እስከ ነጭ፣ ቢበዛ ፈዘዝ ያለ የገለባ ቢጫ ብቻ ያሳያል። ብርቱካናማ ካሳየዎት ቁራጩ ወደ 50 ማይክሮሜትር ይጠጋል ማለት ነው። በመስታወት ሰሌዳ ላይ በረቂቁ የሲሊከን ካርባይድ ዱቄትና በውኃ በዝግታ እየፈጩ፣ በየግማሽ ደቂቃው አጥበው በማይክሮስኮፕ እያዩ ይቀጥሉ፤ ብርቱካናማው ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ነጭ ሲመለስ ያቁሙ። መጨረሻው ላይ መቸኮል ናሙናውን ጠራርጎ ያጠፋል። በናሙናዎ ውስጥ አናላይዘሩ ሲገባ ስላይዱ የሚቀመጥበትን የማይክሮስኮፑን ጠረጴዛ ቢያዞሩትም ጨለማ ሆኖ የሚቀር ሰፊ ክፍል ካገኙ ደግሞ አይደንግጡ፤ የእሳተ ገሞራ መስታወት ጠባዩ ይኸው ነው።

በ40 እጥፉ አለመጥራቱን በሚመለከት፣ በመጀመሪያ ስላይዱ ተገልብጦ እንዳልተቀመጠ ይመልከቱ። ከፍተኛ ኃይል ያለው ኦብጀክቲቭ ወደ ናሙናው እጅግ መቅረብ ስላለበት የወፍራሙን መስታወት ውፍረት አልፎ ማጥራት አይችልም፤ በኃይል ሲጠጋም ሌንሱ ይጫራል። ስለዚህ በ4 እጥፉ ጀምረው ወደ ላይ ይውጡ፣ በ40 እጥፉ ላይ ትልቁን የማጥሪያ ማስተካከያ ፈጽሞ አይንኩ። ጠረጴዛውን ሲያዞሩ ማዕድኑ ከእይታዎ የሚያመልጥ ከሆነ ኦብጀክቲቩ ከመሃል ወጥቷልና በጎኑ ባሉት ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ይመለሳል፤ ይህንን ግን የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ቆሞ ያሳይዎ።

መልስ፦ በጀርመን የዶክትሬት ተማሪ

እኔ ባለሁበት አገር ማንኛውም ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደህንነት ገለጻ ሊሰጠውና ይህም በጽሑፍ ሊመዘገብ ግድ ነው። ከወረቀቱ በላይ የጠቀመኝ ግን የክፍሉ ኃላፊ አጠገቤ ቆማ የመጀመሪያዎቹን ድንጋዮች ስቆርጥ መመልከቷና በየመሃሉ ማረሟ ነው። ያለ ሥልጠና ቁልፍ መስጠት የተማሪውን ጤና ለዕድል መተው ነውና፣ ጥያቄህን በጽሑፍ አድርገህ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቅርብ። ጡረታ የወጡት ባለሙያ ለሁለት ቀን ብቻ ተጋብዘው እንዲያሳዩአችሁ መጠየቅም ትችላለህ።

ምላሽ፦ ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስላይዱ በእርግጥም ተገልብጦ ነበር፤ አሁን በ40 እጥፉ ጠርቶልኛል። ደብዳቤውን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ፈርመን አስገብተናል፤ ጡረታ የወጡት ባለሙያም በስልክ ሲጠየቁ ሐሙስ እንደሚመጡ ነግረውናል። እስከዚያ ድረስ ቁልፉን መልሻለሁ።

መልስ፦ የቤተ ሙከራ ባለሙያ

ደግ አድርገሃል። ሐሙስ ከመምጣታቸው በፊት ገንዳውን እጠቡት፣ በዲስኩ ላይ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩንም መብራቱን ነቅላችሁ በቀን ብርሃን እዩት።