ሰፊ እይታ ያለው የዳይቪንግ ማስክ መነፅር ለምናደርግ ይሆናል ወይ? (ጥቆማ ከደሴ)

ከህዳር እስከ ጥር ጂቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ ይታያል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል ወርዶ ሊያየው የሚያስብ ሰው ሲመጣ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "መነፅር አደርጋለሁ። ያ ሰፊ እይታ ያለው የመጥለቂያ (የዳይቪንግ) ማስክ ይሻለኛል? ደሴ ውስጥስ አገኛለሁ?"

ሥራዬ ደሴ ላይ ዓይን መለካት ነው። ማስክ አልሸጥም፣ ኮሚሽንም የለኝም። ከታች ያለው የራሴና የጥቂት የሙያ ባልደረቦቼ ልምድ ነው።

በእኔ እምነት መጀመሪያ የሚታየው ማስኩ ፊታችሁ ላይ መግጠሙ ነው። ቀጥሎ የመነፅር ቁጥራችሁ የሚገባበት መሆኑ። ስፋቱ ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል። ብዙው ሰው ግን ብሩን የሚያወጣው በተገላቢጦሽ ነው።

ባለ ጎን መስኮት

ከፊቱ መስታወት ሌላ ግራና ቀኝ ትንንሽ መስታወት አለው። ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩት ያጓጓል። ውሃ ውስጥ ግን ብርሃን ከውሃ ወደ ማስኩ አየር ሲገባ ይታጠፋል። በጠፍጣፋ መስታወት የምናየው ሁሉ በሲሶ ያህል ገዝፎ፣ በሩብ ያህል ቀርቦ ነው የሚታየን። የጎኑ መስታወት ደግሞ ዞሮ ስለተቀመጠ ብርሃኑን በሌላ አቅጣጫ ያጥፈዋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ምንም የማይታይበት ክፍተት ይፈጠራል። ኮምቦልቻ የሚሠራ ባልደረባዬ ይሄን ገዝቶ ነበር። ዓሣው ከጎን ይመጣል፣ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይሰወራል፣ ትንሽ ቆይቶ ፊት ለፊት ብቅ ይላል። "ድብብቆሽ ስጫወት ዋልኩ" አለኝ። አንድ ጥቅም አለው፤ ብርሃን ስለሚያስገባ የመታፈን ስሜት ለሚያስቸግረው ሰው ቀለል ይላል።

ባለ ጉልላት

እውነተኛው ሰፊ እይታ እዚህ ነው። መስታወቱ ወደ ውጭ የተነፋ ስለሆነ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይገባል። ነገር አይገዝፍም፣ ጎንና ጎኑም አይቆረጥም። ነገር ግን ጉልላቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ራሱ እንደ ጠንካራ ሌንስ ይሠራል፤ የሩቁን ምስል አምጥቶ አፍንጫ ሥር ያስቀምጠዋል። ይሄ የሚመቸው የቅርብ እንጂ የሩቅ ለማያይ ሰው ነው። እንደ ጉልላቱ ጉብጠት ይለያያል እንጂ፣ በተለመደው መጠን ቁጥራችሁ ማይነስ 4 እና 5 መካከል ከሆነ ያለ ምንም መነፅር ጥርት አድርጋችሁ ታያላችሁ። ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ነው ኮንታክት ሌንስ የሚያስፈልገው። አንድ ቀን እንኳ እኛ ባለ መነፅሮቹ እንቅደም እንጂ!

ችግሩ ከውሃ ስትወጡ ነው። አየር ላይ ጉልላቱ ሌንስነቱ ይቀራል። ማይነስ 4.50 የሆነ ጓደኛችን ዌል ሻርኩ ጀርባ ላይ ያሉትን ነጫጭ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ አየ። አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ግን የቱ ጀልባ የእሱ እንደሆነ ጠፋበት። ስሙን እየጠሩ ነው የመለሱት። ጉልላቱ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነም ቶሎ ይጫራል።

እኔ የምመርጠው

ሁለት ጠፍጣፋ መስታወት ያለው፣ ለዓይን ቀረብ ያለ፣ መስታወቱ ወጥቶ በቁጥር ሌንስ የሚተካ ተራ ማስክ። ለዓይን በቀረበ ቁጥር እይታው ይሰፋል፤ ውሃ ሲገባበትም በቀላሉ ይወጣል። ሌንሶቹ ተሠርተው የሚመጡት በየግማሽ ዲዮፕተር (የመነፅር ቁጥር መለኪያ) ነው። አስቲግማቲዝም (የዓይን ገጽ ጉብጠት እኩል አለመሆን) ካላችሁና ትንሽ ከሆነ የሲሊንደሩን፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ ለእሱ የተጻፈውን ቁጥር፣ ግማሽ ደምሩበት፤ ማይነስ 3.00 ከሲሊንደር ማይነስ 1.00 ጋር ከሆነ ማይነስ 3.50 ውሰዱ።

ደሴ ላይ ለመለካት ፒያሳ አካባቢ ያሉት መነፅር ቤቶች ይበቃሉ። ወረቀቱ ላይ ፒዲ፣ ማለትም በሁለቱ ብሌን መካከል ያለው ርቀት፣ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ አይጻፍም። "ሌንስ ማስኩ ላይ እናጣብቅልሃለን" የሚላችሁ ካለ፣ የሚጣበቀው ገጽ ጠፍጣፋ መሆኑን አረጋግጡ። ግላኮማ፣ ስኳር ወይም የዓይን ቀዶ ጥገና ካለባችሁ ግን መነፅር ቤት አይደለም፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሂዱና ሐኪም ይያችሁ።

ገበያ ላይ የምታገኙት ርካሽ ማስክ ብዙው ፕላስቲክ ነው፤ ለልጆች መጫወቻ ይሁን። ለዳይቪንግ "ቴምፐርድ" (የተጠናከረ መስታወት) የሚል ጽሑፍ መስታወቱ ላይ የተቀረጸበትን ፈልጉ። እውነቱን ለመናገር እሱን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ወይም ጂቡቲ መከራየት ይቀላል። የምትከራዩ ከሆነ የቁጥራችሁ ሌንስ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ፀጉር ከሥሩ አውጡ፣ በአፍንጫችሁ ትንሽ ሳቡ፣ እጃችሁን ልቀቁ። ተለጥፎ ከቀረ የእናንተ ነው። ከወደቀ የፈለገ ቢያምር ተዉት። ጢም ያላችሁ ከላይኛው ከንፈር በላይ ትንሽ መላጨት ሊኖርባችሁ ነው፣ ይቅርታ።

ከመጡት ጥያቄዎች

"ሐይቅ ከተማ ሄጄ ለመዋኘትስ?" የኔ እህት፣ ለላይ ላዩ ዋና ተራው የዋና መነፅር ይበቃሻል፤ ባለ ቁጥርም አለ። በእሱ ግን ወደ ታች እንዳትጠልቂ። አፍንጫን ስለማይሸፍን ውስጡ ያለውን ግፊት ማስተካከል አይቻልም። ዓይንን ይመጠውና ነጩ ደም ይለብሳል።

"ኮንታክት ሌንስ አድርጌ ብገባስ?" በማስክ ውስጥ ይቻላል፤ የአንድ ቀኑን ተጠቀምና ስትወጣ ጣለው። ሐይቅም ሆነ ባሕር ውስጥ ያለ ማስክ ግን በፍጹም። አካንታሚባ የሚባል ተሕዋስ ሌንሱ ሥር ገብቶ ኮርኒያን (የዓይንን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን) ያበላሻል፤ ሕክምናው ወራት ይወስዳል።

"ሙሉ ፊት የሚሸፍነውስ?" ለስኖርክል (ላይ ላዩን እየዋኙ በቱቦ ለመተንፈስ) ብቻ። መነፅር አይገባበትም፣ አፍንጫ ይዞ በግፊት የተደፈነ ጆሮ መክፈትም አይመችም።

"አዲሱ ማስኬ በጭጋግ አስቸገረኝ።" አብሽር። ፋብሪካ ላይ የሚቀርበት ቅባት ነው። መስታወት ከሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና በጣት እያሸህ ደጋግመህ እጠበው። ፕላስቲክ ከሆነ ግን አትንካው፣ ይጫራል።

"ጠልቄ ስወጣ በዚያው ቀን ደሴ እገባለሁ።" ኧረ አይሆንም ወንድሜ! ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ጠልቀው ብዙም ሳይቆዩ መውጣት አደገኛ ነው። በአየር ታንክ እየተነፈሰ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው በአውሮፕላን ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ በመኪና ተራራ መውጣትም ያው ነው። ጂቡቲ እደርና በማግስቱ ከሰዓት ተነሳ።