የኤስኤስኤል 3 ድጋፍን በማስወገድ የከሸፈን ቢልድ ማስተካከል

ጥያቄ (ፓኬጅ አዘጋጅ)

ሰላም ለሁላችሁም። በሲ የተጻፈና ኢሜይል ከሰርቨር እያወረደ የሚያስቀምጥ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም በፓኬጅ መልክ አዘጋጃለሁ። በቀድሞው ሲስተም ያለ ችግር ቢልድ ይደረግ (ከሶርስ ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ይለወጥ) የነበረ ሲሆን፣ ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ስሪት 3.0 ባለበት አዲሱ ሲስተም ላይ ግን ፋይሎቹ ሁሉ ኮምፓይል ከሆኑ በኋላ ሊንክ በሚደረግበት ደረጃ ላይ ይቆማል። ሊንከሩ (ኮምፓይል የሆኑትን ፋይሎች ከላይብረሪው ጋር የሚያጣምረው ፕሮግራም) «ኤስኤስኤልቪ3_ሜተድ» የተባለውን ፈንክሽን ላገኘው አልቻልኩም ይላል። የላይብረሪው የልማት ፓኬጅ መጫኑን አረጋግጫለሁ፤ ሌሎቹ ፈንክሽኖችም ይገኛሉ። በቅንብር ፋይላቸው «ኤስኤስኤል3» ብለው የጻፉ ተጠቃሚዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ የኤስኤስኤል 3ን (የቆየ የግንኙነት ምስጠራ ፕሮቶኮል) ድጋፍ ከማንሳቴ በፊት ሌላ መንገድ ካለ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (ሎግ አንባቢ)

የጎደለዎት ፓኬጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.0 ጀምሮ ኤስኤስኤል 3 ሆን ተብሎ ካልተበራ በስተቀር በላይብረሪው ውስጥ አይካተትም፤ ፈንክሽኑም ከሚታወጅበት ሄደር ፋይል አብሮ ይደበቃል። ሎጉን ወደ ላይ መለስ ብለው ቢያነቡ፣ ይኸው ፈንክሽን ሳይታወጅ መጠራቱን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ከሊንከሩ ስሕተት ብዙ መስመሮች ቀደም ብሎ ያገኛሉ። የቆዩ ኮምፓይለሮች ይህን በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፉታል፤ ጂሲሲ 14 የተባለው ኮምፓይለር ግን እንደ ስሕተት ቆጥሮ እዚያው ያቆመዋል። ስለዚህ ኮምፓይለሩን ሲያሳድጉ መልእክቱ ቢለወጥብዎ ምክንያቱ ያው ነው።

መልስ (የቆየ አባል)

ሌላ መንገድ አለ፣ ነገር ግን አልመክርዎትም። ኤስኤስኤል 3ን አብርቶ ኦፕንኤስኤስኤልን እንደገና ቢልድ ማድረግ ይቻላል፤ ሆኖም ለአንድ ፕሮግራም ሲባል የደኅንነት ማሻሻያውን ሁሉ ራስዎ እየተከታተሉ የሚጠግኑት የግል ላይብረሪ ይዘው ይቀራሉ። ወደ 1.0.2 መመለስም ይፋዊ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ስላበቃ አያዋጣም። ፕሮቶኮሉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ፑድል የተባለው ጥቃት ይፋ ከሆነ በኋላ፣ በ2015 በወጣው አርኤፍሲ 7568 በተባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ጥቅም ላይ እንዳይውል ተከልክሏል። ከኤስኤስኤል 3 ሌላ የማያውቅ ሰርቨር ያለው ተጠቃሚ ቢገኝ እንኳ መታደስ ያለበት ሰርቨሩ ነው።

መልስ (ፓች ጸሐፊ)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። በሶርስ ኮዱ ውስጥ «ኤስኤስኤልቪ3» የሚለውን ፈልገው ፈንክሽኑን የሚጠራውን ቅርንጫፍ ያውጡት። «ኦፕንኤስኤስኤል_ኖ_ኤስኤስኤል3_ሜተድ» በሚለው ማክሮ ከልሎ ማለፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ማንም የማይሞክረውን ኮድ ለዓመታት ተሸክሞ መኖር ነው። «ኤስኤስኤልቪ23_ሜተድ» የሚል ካገኙ ግን አይሰርዙት፤ ስሙ ቢያሳስትም ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበትን ከፍተኛ ስሪት የሚመርጠው እሱ ነው። በአዲሱ ስሙ «ቲኤልኤስ_ሜተድ» ይተኩት፤ ዝቅተኛውን ስሪት ደግሞ «ኤስኤስኤል_ሲቲኤክስ_ሴት_ሚን_ፕሮቶ_ቨርዥን» በተባለው ፈንክሽን ቲኤልኤስ (የኤስኤስኤል ተተኪ ፕሮቶኮል) 1.2 ላይ ይወስኑት።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ የቅንብር ፋይሉ ጉዳይ ነው። ቅርንጫፉን ካወጡ በኋላ «ኤስኤስኤል3» የሚለው ቃል ለፕሮግራሙ የማይታወቅ ዋጋ ይሆናል። የማይታወቅ ዋጋ ሲያጋጥመው ወዴት እንደሚሄድ ኮዱን ይመልከቱ፤ ምስጠራ ወደሌለው ግንኙነት የሚያልፍ ከሆነ የተጠቃሚው የይለፍ ቃል በግልጽ ይተላለፋል፣ ቢልዱም ያለ አንዳች ቅሬታ ይሳካል።

ምላሽ (ፓኬጅ አዘጋጅ)

እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት። ቅንብሩን የሚያነበው ክፍል ሁለት ዋጋዎችን ካነጻጸረ በኋላ የቀረውን ሁሉ «ያለ ምስጠራ» አድርጎ ይወስድ ነበር። አሁን «ኤስኤስኤል3» የሚለውን ሲያገኝ ድጋፉ መነሣቱንና በምትኩ «ቲኤልኤስ» መጻፍ እንዳለበት ነግሮ ሳይገናኝ ይቆማል፤ ማናቸውንም የማያውቀውን ዋጋም እንዲሁ አይቀበልም። ቢልዱ ተሳክቷል። በኤስኤስኤል 3 መገናኘትን ይሞክር የነበረው አንድ ቴስት ግን ወድቋል፤ እሱን ልሰርዘው ወይስ ልለውጠው?

መልስ (ሎግ አንባቢ)

ይለውጡት። ቀድሞ ግንኙነቱ እንዲሳካ ይጠብቅ የነበረው ቴስት፣ አሁን ፕሮግራሙ ያንን የስሕተት መልእክት ሰጥቶ መቆሙን ያረጋግጥ። የቢልድ ማውጫውንም ሙሉ በሙሉ አጽድተው ከመነሻው ይጀምሩ፤ ካለፈው ቢልድ የቀሩ ኦብጀክት ፋይሎች ውጤቱን ሊያዛቡት ይችላሉ።

መልስ (የቆየ አባል)

ፓቹን (የኮድ ለውጡን) ለዋናው ፕሮግራም አዘጋጆች ይላኩላቸው፤ እነርሱ ከተቀበሉት በየስሪቱ ከእርስዎ ጋር ይዘው መዞር አይጠበቅብዎትም። የመመሪያውን ገጽ አብረው ያስተካክሉ። በለውጥ መዝገቡ ላይ ደግሞ «ቢልዱ ተስተካከለ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የኤስኤስኤል 3 ድጋፍ መነሣቱን በመጀመሪያው መስመር ይግለጹት፤ ፕሮግራሙን ካሳደገ በኋላ ኢሜይሉ የቆመበት ሰው አስቀድሞ የሚያየው እዚያ ነው።