አነቃቂ ያልሆነውን የኤዲኤችዲ መድኃኒት የወሰዳችሁ፣ ስሜታችሁ ተለውጦ ነበር?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ለሁላችሁም። 34 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኤዲኤችዲ (ሐሳብን መሰብሰብና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግረው ሁኔታ) እንዳለብኝ ያወቅኩት አምና ነው። ያደግኩት "ልቧ አንድ ቦታ አይረጋም" እየተባልኩ ነው፤ እኔም ሰነፍ ነኝ ብዬ አምኜ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ የታዘዘልኝ አነቃቂው መድኃኒት ነበር። ሐሳቤን ይሰበስብልኛል፣ ግን ልቤ ይደልቃል፣ ሌሊቱም ዓይኔ ሳይከደን ይነጋል። ስለዚህ ሐኪሜ አነቃቂ ወዳልሆነው አቶሞክሰቲን ቀየረችልኝ፣ ስትራቴራ የሚባለው ማለት ነው። በ40 ሚሊግራም ጀምሬ ከሳምንት በኋላ 80 ሆነ። ዛሬ 19ኛ ቀኔ ነው።

ጾም ስለሆነ ጠዋት በባዶ ሆዴ ነው የምውጠው። ሰዓት ሳይሞላ ያቅለሸልሸኛል፣ አፌ ይደርቃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። እሱን እችለዋለሁ። ያስጨነቀኝ ስሜቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ሁሉ በሳቅ ሲፈርስ እኔ መሃላቸው ተቀምጬ የሌለሁ ያህል ነበርኩ። አልከፋኝም፣ ደስም አላለኝም። ምንም።

ደግሞ ክፉውን ብቻ እንዳላወራ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ መርካቶ የነበረው ጫጫታ ቀንሷል። ማክሰኞ ዕለት ሦስት ወር ሙሉ ጠረጴዛ ላይ የከረመውን የኢንሹራንስ ወረቀት ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ታዲያ ይሄ መረጋጋት ነው ወይስ መደንዘዝ? እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል "ድምፅሽ ምን ሆኗል?" ትለኛለች። ስለ መድኃኒቱ አልነገርኳትም። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ልተወው ወይስ ልታገስ?

ሁለት ዓመት የወሰደው፣ ሚኒያፖሊስ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ወር ያነበብኩ መሰለኝ። አነቃቂው በወሰድሽው ቀን ይሠራል፣ ማታ ይለቅሻል። ይሄኛው ቀስ እያለ ነው የሚገባው። ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ከዚያም ይዘገያል። ማቅለሽለሹና ድካሙ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከች ይላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ክፉውን ብቻ አይቶ፣ ደጉ ሳይደርስ ነው የሚተወው።

መረጋጋትና መደንዘዝ ያልሽው ላይ፣ እኔ የለየሁት በአንድ ነገር ነው። የምወደውን ነገር ማድረግ ያምረኛል ወይ? በሦስተኛው ሳምንት ኳስ ማየት እንኳ አላሰኘኝም ነበር፣ ያ ድንዛዜ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ኳሱም ተመለሰ፣ ጫጫታው ግን አልተመለሰም። ያን ጊዜ ነው መረጋጋት ምን እንደሆነ የገባኝ። ከሚስቴ ጋር ስንጨቃጨቅ ቃሉ ከአፌ ከመውጣቱ በፊት ቆም የምልበት ቅጽበት አገኘሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላውቅም ነበር።

ወንዶች አፍረው የማይናገሩትንም ልጨምር። ሽንት ቶሎ አልመጣ ሊል ይችላል፣ የአልጋ ነገርም ይቀዘቅዛል። እኔ አራት ወር ደብቄ ትዳሬን ጎዳሁ። ለሐኪሙ ስነግረው መጠኑን ዝቅ አደረገልኝና ተሻለኝ። አትደብቁ።

ፋርማሲስት ነኝ፣ አሌክሳንድሪያ፦

የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ በባዶ ሆድ መውሰድሽ ማቅለሽለሹን ሳያብሰው አይቀርም። ጾምሽን ስትፈቺ ከምግብ ጋር አድርጊው። ማታ መውሰድም ይቻላል፣ እንዲያውም ብዙ ሰው ማታ ሲወስደው ይቀልለዋል። እንቅልፍ የሚከለክለው ሰው ደግሞ ስላለ ሰዓቱን ከመቀየርሽ በፊት ለሐኪምሽ ደውዪላት። ካፕሱሉን ግን ከፍተሽ አትበትኚው፣ ዱቄቱ ዓይን ያቃጥላል።

ዋናው ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ? አቶሞክሰቲንን ጉበት ውስጥ የሚሰባብረው ኢንዛይም ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። ሥራው ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ መድኃኒቱ በ5 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ሰው ላይ ግን 21 ሰዓት ገደማ ስለሚቆይ እየተከማቸ ይሄዳል። በእኛ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው በብዛት ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚያስወግደው በተለመደው መጠን ምንም አልተሰማኝም ሊል ይችላል። እኔ ይህንን ለሐበሻ ደንበኞቼ ሁሉ የምነግረው "ይሄ መድኃኒት ለእኔ አይሆንም" ብሎ ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። በምርመራ የሚታወቅ ነገር ነው።

ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን የሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች ይህንኑ ኢንዛይም ያፍኑታል። ከእነሱ ጋር የሚወሰድ ከሆነ 80 ላይ ለመድረስ አይቸኮልም። 40 ላይ 4 ሳምንት ተቆይቶ ለውጥ ከሌለ ነው የሚጨመረው።

በዝምታ የማልፈው አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የአቶሞክሰቲን መግለጫ ላይ በጥቁር ሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያመጣ እንደሚችል የሚናገር። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ቢሆንም ዝምታው ወደ ጨለማ ከተለወጠ፣ መኖር ካስጠላሽ ወይም ያለ ልማድሽ ቁጣ ቁጣ ካለሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ደውዪ። ሌሊት ከሆነ 988 አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው የሚረዳው የስልክ መስመር ነው። ዓይንሽ ወይም ቆዳሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ ደግሞ ጉበት ነውና ሐኪም ጋ ሂጂ። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ግን ሊታወቅ ይገባል።

የናቲ እናት፣ ዳላስ፦

የእኔ ጉዳይ ስለ ልጄ ነው፣ 9 ዓመቱ ነው። የሚወስደው ጓንፋሲን ነው፣ ኢንቱኒቭ የሚባለው። ይሄም አነቃቂ ያልሆነ ነው፣ ቀድሞ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ክፍል ውስጥ ይተኛል ተብሎ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ይደወልልኝ ነበር። አለቀስኩ። ልጄን ያጠፋሁት መሰለኝ። ሐኪሙ ወደ ማታ አዞረልንና በወሩ ተስተካከለ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ "እማ፣ ሆዴ ውስጥ የሚሮጠው ነገር ቆመ" አለኝ። እስከ ዛሬ የሚሮጥ ነገር እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር።

እኔ የሠራሁትን ስሕተት አትሥሩ። መዋጥ ስላስቸገረው ክኒኑን ፈጭቼ በማር ሰጠሁት። በዝግታ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ሲፈጭ በአንድ ጊዜ ነው የሚገባው። ደግሞ በድንገት አይቋረጥም፣ የደም ግፊት ዘሎ ሊወጣ ይችላል። አገር ቤት ስንሄድ ለጉዞው የሚበቃውን ቆጥሬ፣ የሁለት ሳምንት ትርፍ ይዤ ነው የምሄደው።

ቡና ወዳድ፣ ሲያትል፦

አጭር ነገር ልበል። ቪሎክሳዚን (ኬልብሪ) የሚባለውን ሌላ አነቃቂ ያልሆነ የኤዲኤችዲ መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ቡናችሁን አስቡበት። አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂዎች የተፈቀደው በ2022 ነው፣ እኔ አምና ጀመርኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቼ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበኛል፣ ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ። ለካ መድኃኒቱ ካፌይን ከሰውነት የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋል፣ አንዷ ስኒ እንደ ብዙ ትሆናለች። አሁን አቦልን ብቻ ጠጥቼ ጨዋታውን እቀጥላለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ ያለኸው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደነገጥኩ። ፍሉኦክሰቲን እወስዳለሁ! ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ክሊኒክ ነው የታዘዘልኝ፤ ስለለመድኩት እንደ መድኃኒት አልቆጥረውም፣ ለአዲሷ ሐኪሜም አልነገርኳትም። በማግስቱ ጠዋት ደወልኩላት። ፍሉኦክሰቲኑን በድንገት እንዳላቆም ነገረችኝ፣ አቶሞክሰቲኑን ወደ 40 መለሰችው፣ የደም ግፊቴንና የልብ ምቴንም ለካች።

ዛሬ 27ኛ ቀኔ ነው። ማታ ከሽሮዬ ጋር ነው የምወስደው፣ ማቅለሽለሹ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ትናንት ሥራ ቦታ አንዷ ያወራችው ነገር ከልቤ አሳቀኝ። ጫጫታው ትንሽ ተመልሷል፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

ለእናቴም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ። ከዚያ "አባትሽም እንዲሁ ነበር" አለችኝ። "ጨው ግዛ ብዬ ልኬው ሚስማር ይዞ ይመጣል፣ እኔም ንቆኝ ነው ብዬ ስንት ቀን አኩርፌዋለሁ።" እሱ ካረፈ 11 ዓመት ሆኖታል። ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ እሱ አወራን።