የቻናሌ ስም አንዳንድ ስልክ ላይ ሳጥን ሆኖ ይታያል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ዳቦ ጋጋሪዋ ከኮዬ ፈጬ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ድፎ ዳቦና ኬክ በትእዛዝ እሠራለሁ። ደንበኞቼ የሚያገኙኝ በቴሌግራም ቻናልና በኢንስታግራም ነው። የቻናሉን ስም በላቲን ፊደል ጽፌ፣ ፎንት በሚያሳምር አፕ ወፈር ያለና ጠምዘዝ ያለ አድርጌዋለሁ። ስልክ ቁጥሬንም እንደዚያው። እኔ ስልክ ላይ ያምራል። አንዲት የቱሉ ዲምቱ ደንበኛዬ ግን «ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየኝ» አለችኝ። ሌላዋ ስሙን ሰርች አድርጋ አጣችው። አማርኛውን ደግሞ አፑ ጭራሽ አይነካውም። ለምን ይሆን?

መልስ፦ የአያቱ ስልክ ጠጋኝ
እህቴ፣ አፑ ፎንት አይቀይርም። ፊደሉን አንስቶ በቦታው ሌላ ምልክት ነው የሚተካው። እነዚያ ምልክቶች ለሂሳብ ቀመር ተብለው እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኒኮድ ውስጥ (ስልክና ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጡበት ዓለም አቀፍ ዝርዝር) የገቡ ናቸው። በሂሳብ ወፍራሙ ኤና ቀጭኑ ኤ የተለያየ ነገር ሊወክሉ ስለሚችሉ፣ ለየብቻ ቁጥር ተሰጣቸው። ለዓይን «ቢ» ቢመስልም ለስልኩ ሌላ ነገር ነው። የስልኩ ፎንት ምልክቱ ከሌለው ሳጥን ያወጣል። የቆዩ ስልኮች ላይ ይሄ በብዛት ያጋጥመኛል። ሰርችም ያው ነው፤ አንዳንዱ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያል፣ አንዳንዱ አያይም።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ወፍራም «ሀ» ወይም ጠምዛዛ «ለ» ተብሎ የተለየ ቁጥር ግን የለውም። ስለዚህ አፑ የሚተካበት ነገር የለም።

መልስ፦ የለቡ ልጅ
እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ስልኬን የምጠቀመው ጽሑፍ በሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር ነው። እንዲህ ያለ ስም ሲገጥመው እያንዳንዱን ፊደል የሂሳብ ምልክት እያለ በእንግሊዝኛ ይቆጥርልኛል። አንዳንዴ ዘሎት ያልፋል። ዳቦ ላዝዝሽ ብፈልግ እንኳ ቁጥርሽን አላገኝም። እባክሽ፣ ስምሽንና ስልክሽን እንዲሁ በተራው ፊደል ተዪልን። ሌላውን እንደፈለግሽ አስጊጪው።

መልስ፦ ዲዛይነሯ ከሰበታ
በልጁ ሐሳብ በጣም እስማማለሁ። ማሳመሩ ግን አይቀርብሽም። ቴሌግራም ላይ ፖስት ስትጽፊ ቃሉን ምረጪና ቦልድ በዪው። ዋትስአፕ ላይ ከቃሉ ፊትና ኋላ ኮከብ ምልክት አድርጊ። ሁለቱም ለአማርኛ ይሠራሉ፤ ፊደሉም አይለወጥም። ኢንስታግራም ባዮ ላይ ቦልድ የለም፣ ቦታውም 150 ቁምፊ (ፊደሉም ክፍተቱም ተቆጥሮ) ብቻ ነው። ስለዚህ ውበቱን ወደ ፕሮፋይል ፎቶው አምጪው። ስሙን አቢሲኒካ በሚባለው የግዕዝ ፎንት ጽፈሽ ምስል አድርጊው፤ እኔ በጣም ነው የምወደው። ባዮው ውስጥ መስመር ለመለየት ደግሞ የራሳችን ፨ አለልሽ።

መልስ፦ የአያቱ ስልክ ጠጋኝ
አንድ ልጨምር። ለደንበኞችሽ በላቲን ፊደል ኤስኤምኤስ የምትልኪ ከሆነ ያጌጡትን ፊደላት አታስገቢ። አንዷ እንኳ ከገባች የአንዱ መልእክት ልክ ከ160 ወደ 70 ቁምፊ ይወርዳል። ሂሳቡ እጥፍ ሊሆንብሽ ይችላል።

ዳቦ ጋጋሪዋ ከኮዬ ፈጬ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የለቡ ወንድሜ፣ ቁጥሩን አሁኑኑ አስተካክላለሁ። የቻናሉን ስም ብቀይረው ግን ለሰው የሰጠሁት ሊንክ ይበላሻል?

ዲዛይነሯ ከሰበታ
አይበላሽም። ሊንኩ የሚሄደው በቻናሉ ስም ሳይሆን በዩዘርኔሙ (ሊንኩ መጨረሻ ላይ ባለው መለያ) ነው። እሱ ደግሞ ድሮም ከተራ ላቲን ፊደል፣ ከቁጥርና ከስር ሰረዝ ሌላ አይቀበልም። እሱን ካልነካሽ አባላቱም ባሉበት ይቆያሉ።