«ሽቫብ» የሚባል የቤተሰብ ስም ከየት መጣ? ባሌን ብጠይቀው «ተይው» ይለኛል

የመንታዎቹ እናት

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የምኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት አጠገብ ነው። መንታ ልጆቼ አራተኛ ክፍል ናቸው። መምህራቸው «የቤተሰብ ዛፍ ሠርታችሁ አምጡ» ብላ የጠረጴዛ ልብስ የሚያህል ወረቀት አሸከመቻቸው። ያው ሥራው የማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

የአባታቸው የቤተሰብ ስም ሽቫብ ነው። ሽቫብ ማለት ደግሞ የዚሁ የምንኖርበት አገር ሰው ማለት ነው። ሽቱትጋርትም ኡልምም የሽቫቦች አገር ነው። እኔን ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሽቫብ ሆኖ ሳለ አንዱን ቤተሰብ ብቻ ለይቶ ሽቫብ ብሎ መጥራት ምን የሚሉት ነገር ነው?

አማቴ ደግሞ «እኛ የመጣነው ከሃንጋሪ ነው» ትላለች። ቡዳፔስት ጥግ ካለችው ቡዳኦርሽ። በነሱ አጠራር ቩደርሽ ናት። እ.ኤ.አ. በ1946፣ በጥር ብርድ፣ በዕቃ ባቡር ሲጭኗቸው ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ አሻንጉሊቷን ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀብራ አመጣችላት። ይቺን ደጋግማ ትነግረኛለች። ከዚህ አልፌ ስጠይቃት «ቡና አፍይልኝ» ትላለች፣ በቃ አለቀ። ባሌማ ጭራሽ «ተይው» ነው መልሱ።

እኔ ግን መች አርፌ። ኢንተርኔት ላይ «የሽቫብ ቤተሰብ ጥንታዊ አርማ» የሚሸጥ አገኘሁና 39 ዩሮ ከፈልኩ። አንበሳና ዘውድ ያለበት ወረቀት ላኩልኝ። አማቴ መነጽሯን አድርጋ አየችውና «አባቴ ሁለት ላም ነበረው፣ አንበሳ አልነበረንም» አለች።

በዚያ ላይ መሥሪያ ቤት ያለች የሰርቢያ ልጅ ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስም ባየች ቁጥር ትስቃለች። ለካ በነሱ ቋንቋ በረሮ «ቡባሽቫባ» ነው! የምታውቁ ካላችሁ አንድ በሉኝ።

ኡልም የከረመው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ መልሱ አለ። ሽቫብ አገር ውስጥ ሰውን ሽቫብ ብሎ የሚጠራ የለም። ጎጃም ውስጥ «ጎጃሜው» ተብሎ የሚጠራ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ስሙ የሚወጣለት አዲስ አበባ ሲገባ ነው። ጀርመኖችም የቤተሰብ ስም መያዝ የጀመሩት በመካከለኛው ዘመን ነው፣ ከ12ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ። ከተማው ዮሐንስ በሚባል ሰው ሲሞላ ዮሐንስ አንጥረኛው፣ ዮሐንስ ወፍጮው፣ ዮሐንስ ሽቫቡ እያሉ መለየት መጣ። ሽሚት፣ ሙለር፣ ሽቫብ የሚባሉት ስሞች እንዲህ ነው የተወለዱት። ሄስ፣ ቤም፣ ባየር የሚባሉትም እንዳንቺው ናቸው፤ ከሄሰን፣ ከቦሄሚያ፣ ከባቫሪያ የመጡ እንግዶች። ስለዚህ የባልሽ የጥንት አያት ያኔውኑ ከሽቫብ አገር ወጥቶ ሌላ ቦታ የገባ ሰው ነው ብለሽ ብታስቢ ብዙም አትሳሳቺም። ለንግድ ወደዚያ የሚመላለስም ሊሆን ይችላል።

ሃንጋሪ የገቡት ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። ቡዳን፣ የዛሬዋን ቡዳፔስት ግማሽ፣ ከቱርክ እጅ ያስለቀቁት እ.ኤ.አ. በ1686 ነው። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ባዶ ቀረ። አገሩን የያዙት የኦስትሪያ ገዢዎች፣ የሃብስቡርግ ነገሥታት፣ «መሬት እንሰጣለን፣ ለተወሰነ ዓመት ግብር የለም» ብለው ገበሬ ጠሩ። ትልልቆቹ ጉዞዎች ሦስት ናቸው። በ1720ዎቹ በካርል 6ኛ፣ በ1760ዎቹ በማርያ ቴሬዛ፣ በ1780ዎቹ ደግሞ በልጇ በዮሴፍ 2ኛ ዘመን።

ብዙዎቹ የተሳፈሩት ከዚህ ከኔ ሰፈር፣ ከኡልም ነው። ጀልባው ከሳንቃ የተገጣጠመ፣ ታቹ ጠፍጣፋ፣ መሐሉ ላይ ጎጆ የመሰለ ነገር ያለው ነበር። ሰው «የኡልም ሣጥን» እያለ ያሾፍበታል። የዳኑብን ወንዝ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። ሲደርሱ ይፈቱትና እንጨቱን ይሸጡታል። እዚህ የዳኑብ ሽቫቦች ሙዚየም አለ፣ ልጆቹን ይዘሽ ብትመጪ አስጎበኝሻለሁ።

ወደ ደቡብ፣ ባናት ወደሚባለው አገር የወረዱትን ረግረግ ነው የጠበቃቸው። ወባው ፈጃቸው። «ለመጀመሪያው ሞት፣ ለሁለተኛው ችግር፣ ለሦስተኛው እንጀራ» የሚል አባባል አላቸው፤ ትውልዱን ነው የሚቆጥሩት።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቺ ግን። ከሄዱት ውስጥ እውነተኛ ሽቫቡ ጥቂት ነው። ከሎሬን፣ ከፋልትስ፣ ከሄሰን፣ ከፍራንከን የሄደው ይበዛል። ሃንጋሪዎቹና ሰርቦቹ ግን ሁሉንም በጅምላ ሽቫብ አሏቸው። እኛስ ብንሆን? «ፈረንጅ» የምንለው ከፍራንኮች ስም በዐረብኛ ዞሮ የመጣ ነው። የአንድ ነገድ ስም ለነጭ ሁሉ ሰጥተን የለ!

ዝም ብዬ አንባቢ

ስለ በረሮው አትከፊ እህቴ። ጀርመኖቹ ራሳቸው በረሮን «ሻበ» ነው የሚሉት። ከ«ሽቫበ» የሚለየው በአንዲት ድምፅ ነው። ያቺ ልጅ በድጋሚ ከሳቀች ይቺን ንገሪያት 😂

ባለ መዝገቡ (ቡዳፔስት)

እዚህ ተምሬ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ። አማትሽ ለምን ቡና እንደምታስፈላሽ ይገባኛል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሃንጋሪን ጀርመኖች የማባረሩ አዋጅ የወጣው በታኅሣሥ 1945 ነው። ማን ይውጣ ሲባል ዋናው መለኪያ የ1941 የሕዝብ ቆጠራ ሆነ። ያኔ «ብሔሬ ጀርመን ነው» ወይም «ቋንቋዬ ጀርመንኛ ነው» ብሎ ያስመዘገበ ሁሉ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ገባ። የናዚው ጦር የኤስ ኤስና የሃንጋሪ ጀርመኖች ማኅበር የፎልክስቡንድ አባላትም አሉበት። አንቺን የሚመለከተው ግን ይሄ ነው፦ ቀድሞ ስሙን ወደ ሃንጋሪኛ ለውጦ የነበረና መልሶ ጀርመንኛ ያደረገ ሰውም ይባረራል ይላል አዋጁ። ስም ብቻውን ከአገር ያስወጣ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ባቡር የተነሣው ከዚያው ከቡዳኦርሽ ነው፣ ጥር 19 ቀን 1946። ዛሬ ሃንጋሪ ውስጥ ቀኑ የመታሰቢያ ቀን ነው። ለአንድ ሰው የተፈቀደው 100 ኪሎ ነበር፣ ምግቡ 20 ኪሎ። አማትሽ የምታነሣው ዱቄት ከዚያ ውስጥ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሥራው። አርማውን ተይው፤ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ዘር ነው እንጂ በስም ለተመሳሰለ ሁሉ አይደለም። ገንዘብሽን በልተውሻል። መዝገብ ነው የሚያዋጣሽ። ሃንጋሪ ውስጥ መንግሥት ልደትና ሞት መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1895 ነው። ከዚያ በፊት ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፣ ብዙው በላቲን። ሃንጋሪዎች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፣ ስለዚህ «ሽቫብ ያኖሽ» የሚል ብታይ ያው የናንተው ዮሐንስ ነው። አጻጻፉ አንድ አይደለም፣ ቄሱ እንደሰማው ነው የሚጽፈው። ሽቫብም ሽዎብም ስቫብም ብለሽ ፈልጊ። ከሁሉ በፊት ግን የቤቱን ሣጥን ፈትሺ። እነዚህ ሰዎች ወረቀት አይጥሉም።

የሰማንያዎቹ ልጅ

ሁላችሁም ማርያ ቴሬዛን ጠርታችሁ ዝም ስትሉ አላስችል አለኝ። ጠገራ ብር እኮ ነው የምታወሩት! አያቴ አንዱን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታደርገው ነበር። 1780 ይላል፣ ሴትየዋ የሞተችበት ዓመት። ከሞተችም በኋላ ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲያትሙት ኖሩ፣ ቀይ ባሕር ተሻግሮ እኛ ገበያ የገባው እሱ ነው።

አሁን ብሩ ያላችሁ አውጡና ከምስሏ በታች ተመልከቱ። ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ሾብልና ፋቢ የሚባሉ ሁለት የብር ማተሚያ ሹማምንት ናቸው። ማተሚያው የነበረው ጉንስቡርግ ነው። ጉንስቡርግ የት እንዳለች ካርታ ላይ እዩ፤ ዳኑብ ዳር፣ ከኡልም ትንሽ ቁልቁል፣ እዚያው ሽቫብ አገር ውስጥ። እነዚያ ሣጥን ጀልባዎች በደጇ ነው የሚያልፉት። የባልሽን ዘመዶችና የአያቴን ማተብ አንድ ወንዝ አገናኛቸው በያ።

የመንታዎቹ እናት

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ባለ መዝገቡ፣ ቃልህን ሰምቼ ሣጥኑን ጠየቅኋት። «የምን ሣጥን?» አለች መጀመሪያ። እሑድ ከምሳ በኋላ ግን ራሷ ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ውስጡ የባሏ አባት የልደት ወረቀት አለ፣ በሃንጋሪኛ። ስሙ «ስቫብ» ተብሎ ተጽፏል፣ ፊደሏ ላይ ጭረት አለባት። ከሱ ሥር የጀርመን ወረቀት አለ፣ «ሽቫብ» የሚል፣ የአሜሪካኖች ማኅተም ያለበት። አሻንጉሊቷም አለች! ፊቷ ጠፍቷል፣ ቀሚሷ ደርቋል።

የኡልሙን ወንድሜን መልስ ተርጉሜ አነበብኩላት። «እና ከዚህ ሄደው፣ ሽቫብ ተብለው፣ ተባረው እዚሁ ተመለሱ?» አለች። እንደዚያ ነው አልኳት። «ስንመጣ የዚህ ሰዎች ምን ይሉን እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም። «ሃንጋሪዎቹ መጡ ይሉን ነበር።» ስቃ ስቃ እንባዋ መጣ። ባሌ ማብሰያ ክፍል በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ተይው» አላለም፣ መጥቶ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ያዘው።

ዛፉን ጨረስነው። በአባታቸው በኩል ሽቫብ፣ ሽቫብ፣ ሽቫብ እያለ ይወርዳል። በኔ በኩል ለአባቴ ደወልኩና እስከ ሰባት ቤት ቆጠረላቸው፣ አንዱም ስም አይደገምም። መምህሯ ሰኞ ዕለት «የእናታችሁ ቤተሰብ ስም ታዲያ የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች አሉ። ትንሿ «ሁሉም» ብላታለች።

ኡልም የከረመው፣ ቅዳሜ ሙዚየሙ ክፍት ነው? አማቴም እመጣለሁ ብላለች፣ ደረጃ ይበዛዋል እንዴ?